ስድስት ወር ለሚቆም የድሮ መኪና የትኛው የባትሪ ቻርጀር?

ኮፈን_ክፍት
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ 12 ቮልት ናት፤ ኔጌቲቩ ማሳ ነው (ከሻንሲው ብረት ጋር የታሰረው)። ባትሪው ክዳኑ የሚከፈት፣ ውሃ የሚጨመርበት 55 አምፔር-ሰዓት። ስድስት ወር ትቆማለች፣ የምትቆምበት ቦታ ሶኬት አለው። ሦስት ዓይነት አይቻለሁ፦ ባለ 10 አምፔር የጋራዥ ትራንስፎርመር፣ ባለ 5 አምፔር ስማርት የሚሉት፣ እና ባለ 1 አምፔር ትንሿ። አምፔሩ በበዛ ቁጥር ይሻላል ማለት ነው? ዳሽቦርዱ ላይ ካለው የኤሌክትሪክ ሰዓት በቀር ሁልጊዜ የሚሠራ ነገር የለም።

ስድስት_ሴል
አምፔሩን ለጊዜው ተወውና አንድ ነገር ጠይቅ፦ ባትሪው ከሞላ በኋላ ቻርጀሩ ምን ያደርጋል? ለመሙላቱማ ሦስቱም ይሞሉታል። የሚለያዩት ከሞላ በኋላ ባሉት አምስት ወር ከሃያ ዘጠኝ ቀን ነው።

ደህና ቻርጀር በሦስት እርከን ይሠራል። መጀመሪያ ያለውን አምፔር ሁሉ ይሰጣል። ቮልቴጁ 14.4 አካባቢ ሲደርስ እዚያ ላይ ይይዘውና አምፔሩ ቀስ እያለ እንዲወርድ ይተወዋል። አምፔሩ በጣም ሲያንስ ቮልቴጁን ወደ 13.2–13.6 አውርዶ ይቀመጣል፤ ይሄኛው ፍሎት ነው። በፍሎት ላይ ጤነኛ ባትሪ የሚወስደው ከራሱ የሚፈሰውን ያህል ብቻ ነው፣ ያንተን በሚያህል ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ሚሊ አምፔር በታች።

ካርቶኑ ላይ "አውቶማቲክ" ተብሎ መጻፉ ምንም አይነግርህም። አንዳንዱ ሲሞላ ጭራሽ ይጠፋል። ቮልቴጁ ሲወርድ ራሱ የሚነሣ ከሆነ ግድ የለም፤ የማይነሣ ከሆነ ግን ስድስት ወር ሰክተኸው መሄድህ ከንቱ ነው። መመሪያው ላይ የፍሎት ቮልቴጁ በቁጥር ካልተጻፈ አትግዛው።

አምፔሩን በተመለከተ፣ ለመጠበቅ ብቻ ከሆነ 1 አምፔር ይተርፋል። ለመሙላት ግን የባትሪው አንድ አሥረኛ ይመከራል፣ ላንተ 5.5 ገደማ። ግማሹ ያለቀ 55 አምፔር-ሰዓት ባትሪ በ1 አምፔር ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል፤ በ5 አምፔር ስድስት ሰባት ሰዓት፣ መጨረሻ ላይ አምፔሩ የሚወርድበትን ጨምሮ። አንድ ብቻ የምትገዛ ከሆነ ባለ 5ቱን ውሰድ። ሌላ መሙያ ካለህ ትንሿ ትበቃለች።

አሮጌ_ብረት
ትራንስፎርመሩን እንዲህ አትናቁት። ውስጡ ጥቅልና ዳዮድ ብቻ ነው፣ የሚበላሽ ነገር የለውም። ስማርቶቹ ባትሪው ጨርሶ ሲያልቅ "ባትሪ የለም" ብለው እንቢ ይላሉ፤ ይሄ ግን ዜሮ ቮልት የደረሰውንም ያስነሣል። በሰዓት ቆጣሪ ሶኬት ላይ አድርጎ በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል።

ሃይድሮሜትር
ጋሽ ብረት፣ ስለ ዜሮ ቮልቱ ልክ ነህ። ሰዓት ቆጣሪው ላይ ግን አንስማማም። የትራንስፎርመር ቻርጀር ቮልቴጁን የሚገታበት ነገር የለውም። ባትሪው ሞልቶም ግፊቱን አይተውም፤ ተርሚናሉ ላይ 15 እና 16 ቮልት ማንበብ የተለመደ ነው። ሴሎቹ (ባትሪው የተከፈለባቸው ስድስት ክፍሎች) አረፋ የሚጀምሩት ደግሞ 14.4 አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ የሚገባው ኃይል ባትሪ አይሞላም፣ ውሃ ነው የሚሰብረው።

ስሌቱ ይህ ነው። በሞላ ባትሪ ውስጥ የሚያልፍ እያንዳንዱ አምፔር-ሰዓት ከያንዳንዱ ሴል 0.34 ግራም ገደማ ውሃ ወደ ጋዝ ይለውጣል። ግማሽ አምፔር ብቻ ለአንድ ወር ሳይቋረጥ ቢያልፍ 360 አምፔር-ሰዓት ነው፤ በሴል 120 ግራም፣ በስድስቱ ሴል ከ700 ግራም በላይ ውሃ ማለት ነው። ፕሌቶቹ (ውስጥ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች) ራቁታቸውን ይቀራሉ፣ የፖዘቲቩ ፍርግርግም እየተበላ ይሰባበራል። የሚወጣው ሃይድሮጂን በአየር ውስጥ 4 ከመቶ ሲደርስ በብልጭታ ይፈነዳል፤ በተዘጋ ጋራዥ፣ ከሽፋን ሥር፣ ኮፈን ውስጥ ይህን መፍቀድ አይገባም።

በሳምንት አንድ ሰዓት በ10 አምፔር የሚሰጠው ባትሪው በሳምንት ከሚያፈሰው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሰዓት ቆጣሪው ቢጣበቅ ደግሞ ወሬው ሌላ ነው። ትራንስፎርመሩ የሞተ ባትሪ ለመቀስቀስ ይቀመጥ፣ አጠገቡ ሰው ቆሞ።

አሮጌ_ብረት
እሺ፣ በውሃው ስሌት ተረታሁ። የአረፋው ድምፅ ሲሰማ መንቀል ነው እንግዲህ።

ማሳ_ፖዘቲቭ
ባለ 6 ቮልት መኪና ያላችሁ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። የድሮዎቹ ቮልስዎች እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ድረስ በአብዛኛው 6 ቮልት ናቸው። ገበያ ላይ ካሉት ስማርት ቻርጀሮች ብዙዎቹ 12 ቮልት ብቻ ናቸው፤ ለምሳሌ የሲቴክ ኤም ኤክስ ኤስ 5.0 ለ12 ብቻ ነው፣ የኖኮ ጂኒየስ 1 ግን 6ም 12ም ይሠራል። ለ6 ቮልት ቁጥሮቹን በግማሽ አስቧቸው፦ መሙያው 7.2፣ ፍሎቱ 6.6–6.8፣ ሞልቶ አርፎ 6.3 እና ከዚያ በላይ።

6ና 12ን "ራሱ ይለያል" የሚባለውን አልወደውም። 12 ቮልቱ አልቆ ወደ 7 ከወረደ ቻርጀሩ 6 ቮልት መስሎት 7.2 ላይ አረንጓዴ ያበራል። ባትሪው ባዶ፣ መብራቱ "ሞልቷል"። በቁልፍ የሚመረጠውን ግዙ።

ፖዘቲቭ ማሳን በተመለከተ፦ ከእንግሊዝ መኪኖች ብዙዎቹ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ እንዲህ ናቸው፤ ኤም ጂ ቢ እስከ 1967 እ.ኤ.አ. ድረስ እንደዚያ ነበረች። ለቻርጀሩ ማሳው የትኛው ይሁን ግድ አይሰጠውም፤ ቀይ ሁልጊዜ ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁር ሁልጊዜ ኔጌቲቭ ላይ። የሚገለበጠው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው፦ መጀመሪያ ጥቁሩን ኔጌቲቭ ተርሚናል ላይ፣ ቀጥሎ ቀዩን ከባትሪው ራቅ ያለ የሻንሲ ብረት ላይ። "ጥቁር ወደ ሻንሲ" የሚለውን የመመሪያ ሥዕል በደመነፍስ የተከተለ ሰው ሁለቱንም ገመድ እዚያው ፖዘቲቭ ላይ ያስራል፣ ባትሪውም አይሞላም።

ኤም ጂ ቢን ካነሣን፣ የመጀመሪያዎቹ ከመቀመጫው ኋላ ሁለት 6 ቮልት ባትሪ በተከታታይ የታሰሩባቸው ናቸው። ጫፍና ጫፉን ይዞ በ12 መጠበቅ ይቻላል፣ ሁለቱ እኩል እስካሉ ድረስ። አንዱ ብቻ በአዲስ ከተተካ ግን ደካማው ሁሌ ጎዶሎ፣ አዲሱ ሁሌ ሞልቶ የሚፈስ ይሆናል። በየሁለት ወሩ እያንዳንዱን ለብቻው በ6 መሙላት ያስተካክለዋል።

ኮፈን_ክፍት
አመሰግናለሁ። ታዲያ ቻርጀሩ ባይኖርስ? ገመዱን ፈትቶ መተው አይበቃም ወይ?

ሚሊ_አምፔር
ቁጥሩ ይመልስልህ። ሰዓትህ 5 ሚሊ አምፔር የሚጠጣ ከሆነ በ180 ቀን 21.6 አምፔር-ሰዓት ነው። ባትሪው ከራሱ የሚያፈሰው ደግሞ ይደመርበታል፤ ያንተ ዓይነቱ በመካከለኛ ሙቀት በወር ከ4 እስከ 6 ከመቶ፣ ማለትም በስድስት ወር በትንሹ 13 አምፔር-ሰዓት። ድምሩ ከ34 በላይ፣ ከ55 ውስጥ። መኪናዋ አትነሣም ብቻ አይደለም፤ ባትሪው ለወራት በጎዶሎ ተቀምጧል።

ጉዳቱም እዚያ ነው። ከ12.4 ቮልት በታች ሲቆይ ፕሌቱ ላይ ያለው ሰልፌት ከለስላሳነት ወደ ደረቅ ቅንጣት ይለወጣል፤ ቅንጣቱ አንዴ ካደገ መደበኛ ቻርጅ አይመልሰውም። ገመዱን ብትፈታ የሰዓቱ ይቀራል፣ የባትሪው የራሱ ፍሰት ግን አይቀርም። ቦታው ቀዝቃዛ ከሆነ ይዘገያል፤ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ፍሰቱ እጥፍ ገደማ ስለሚሆን ሞቃት ቦታ ላይ ይፈጥናል። ስለዚህ ገመድ ፈትቶ በየስድስት ሳምንቱ እየሄዱ መሙላት ያስኬዳል። የሚሄድ ሰው ካለ።

ሰዓቱ የሚጠጣውን ለማወቅ የኔጌቲቩን ገመድ ፈትተህ ቴስተሩን በመሃል አስገባ፣ መጀመሪያ በ10 አምፔር ቀዳዳ፣ ትንሽ መሆኑን ካየህ በኋላ በሚሊ አምፔር። በሮቹ ይዘጉ፣ የኮፈኑ መብራት ይጥፋ። ቴስተሩ በመሃል እያለ ሞተሪኖውን እንዳትነካ፣ ፊውዙ ይቃጠላል።

ጎማ_ላይ
በየሳምንቱ አሥር ደቂቃ ሞተር ማስነሣት ይቀላል እኮ። ቻርጀር ለምን?

ስድስት_ሴል
አይቀልም። ዲናሞ ያለው የድሮ መኪና በስራ ፈት ዙር ምንም አይሞላም ማለት ይቻላል፤ የቻርጅ መብራቱ ሲበራ ታየዋለህ። ሞተሪኖው የወሰደው ሳይመለስ ይጠፋል። ከዚያ በተጨማሪ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ሲጠፋ ውሃ ዘይቱ ውስጥና ማርሚታው ውስጥ ይቀራል። ወይ ግማሽ ሰዓት ንዳት፣ ወይ አትንካት።

ጄል_ወይስ
የኔ ኤ ጂ ኤም ነው፣ የታሸገው። አንድ ዓይነት ቻርጀር ይሆናል?

ሃይድሮሜትር
ኤ ጂ ኤም ሞልቶ ሲያርፍ 12.8 እና ከዚያ በላይ ነው፤ ብዙዎቹ መሙያቸው እስከ 14.7 ይፈልጋል፣ ለብቻው ሁነታ ያለው ቻርጀር ይምረጡለት። ጄል (አሲዱ የረጋበት) ግን ከ14.2 ገደማ በላይ አይወድም፤ ውስጡ የተፈጠረ አረፋ መውጫ የለውም፣ እዚያው ጄሉን ሰንጥቆ ይቀራል። ውሃ ስለማይጨመርባቸው ስሕተትን የሚያርሙበት መንገድ የለም። ሊቲየም ከሆነ ደግሞ የራሱ ቻርጀር ያስፈልገዋል፤ የሰልፌት ማፍረሻ ምት ያለውን ቻርጀር ጨርሶ አያስነኩት፣ ከዜሮ ዲግሪ በታችም አይሙሉት።

ሙቀቱንም እግረ መንገዴን፦ የተጻፉት ቮልቴጆች ለ25 ዲግሪ ናቸው። በያንዳንዱ ዲግሪ ጭማሪ ከ18 እስከ 24 ሚሊ ቮልት መቀነስ አለበት፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ መጨመር። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር 40 ዲግሪ ላይ 13.6 ፍሎት ለባትሪው እንደ 13.9 ነው። የሙቀት ስሜት ያለው ቻርጀር ዋጋ የሚያወጣው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

መብራት_ሄደ
ማንም ያላነሣው ነገር አለ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቻርጀሩ ምን ያደርጋል? አንዳንዱ የነበረበትን ሁነታ ያስታውሳል። አንዳንዱ ቁልፍ እስኪነካ ድረስ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ በስድስት ወር ውስጥ አንዴ መብራት ከጠፋ ሥራው አበቃ። ስትገዛ እዚያው ሞክረው፦ ከባትሪ ጋር አስረህ ሰካ፣ ፍሎት ወይም ሙሌት ሲያሳይ ንቀል፣ አንድ ደቂቃ ቆይተህ መልሰህ ሰካ።

ሌላው፣ አንዳንድ ቻርጀር መብራት ሲጠፋ ራሱ ከባትሪው ትንሽ ትንሽ ይጠጣል። ከ1–2 ሚሊ አምፔር በላይ ከሆነ አልወድለትም።

ጣሪያ_ፀሐይ
ሶኬት ለሌላቸው፦ ከ5 እስከ 10 ዋት የፀሐይ ፓነል ይበቃል፣ ግን ተቆጣጣሪ ይኑረው። "12 ቮልት" የተባለ ፓነል ያለ ጭነት ከ18 ቮልት በላይ ይሰጣል። ተቆጣጣሪም ዳዮድም ከሌለው ማታ ማታ ባትሪው ወደ ፓነሉ መልሶ ሊፈስ ይችላል። መኪናው ውስጥ፣ መስታወት ሥር፣ በሽፋን ተጋርዶ የሚቀመጥ ፓነል ግን ለራሱም አይሆን። በሲጋራ ማቀጣጠያ በኩል የሚያስገቡም አሉ፤ በብዙ መኪና ቁልፉ ሲዘጋ እሱም ይዘጋል፣ በቴስተር አረጋግጡ።

ኮፈን_ክፍት
ባለ 5 አምፔሩን ልይዝ ነው። አስተሳሰሩን ብትነግሩኝ፤ የባትሪ ማጥፊያ ማብሪያም ኔጌቲቩ ላይ ተገጥሟል።

ስድስት_ሴል
ማብሪያውን ማንሣትህ ጥሩ ነው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ስለሆነ። መመሪያው "ጥቁሩን ሻንሲ ላይ" ይላል። ማብሪያው ጠፍቶ ጥቁሩ ሻንሲ ላይ ከሆነ ቻርጀሩና ባትሪው አልተገናኙም። ስለዚህ ቻርጀሩ የባትሪው ተርሚናሎች ላይ በቀጥታ ይታሰር፣ ማብሪያው ከዚያ ወዲያ ይሁን። ያኔ ባትሪው እየተጠበቀ መኪናዋ ሙሉ በሙሉ የተለየች ትሆናለች፣ ሰዓቱም ይቆማል።

መቆንጠጫ ለስድስት ወር አይታመንም፤ ይንሸራተታል፣ ሥሩም ይዝጋል። ቀለበት ያላቸው ገመዶች በተርሚናሉ ብሎን አጥብቅ፣ ቀዩ ላይ ከባትሪው አንድ ስንዝር በማይርቅ ቦታ ፊውዝ ይኑር፤ ለ5 አምፔር ቻርጀር 7.5 ወይም 10። ከማሰርህ በፊት ተርሚናሉን በውሃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ እጠብ (ሴሉ ውስጥ ጠብ እንዳይል)፣ አድርቀህ እሰር፣ ከዚያ ቫዝሊን ቀባው። ቫዝሊኑ ከመጥበቁ በኋላ ነው እንጂ በፊት አይደለም።

ስትሰካ ግድግዳው መጨረሻ፣ ስትነቅል ግድግዳው መጀመሪያ፤ ብልጭታው ከባትሪው ርቆ ይቀራል። ቻርጀሩን ባትሪው ላይ አታስቀምጠው፣ ገመዱም በኮፈን ጠርዝ አይቆንጠጥ። ውሃውን ባትሪው በቻርጅ ከሞላ በኋላ አስተካክል፣ የተጣራ ውሃ ብቻ፤ ፕሌቱ ከታየ ግን መጀመሪያ ፕሌቱን እስኪሸፍን ጨምርና ከሞላ በኋላ ጨርስ። አሲድ መጨመር የለም።

15.8 ቮልት የሚሰጥ "ማደሻ" ሁነታ ካለው ባትሪው ከመኪናው ተለይቶ ብቻ ነው የሚሠራው። ሬዲዮና የድሮ አምፖል ለዚያ ቮልቴጅ አልተሠሩም።

ሃይድሮሜትር
አንድ ነገር ይቅደም። ከማሰርህ በፊት ስድስቱን ሴል በአሲድ መለኪያ (አሲዱ ከውሃ ምን ያህል እንደሚከብድ በሚያሳየው) ለካ። የሞላ 1.265–1.280 ነው፣ ግማሽ 1.190 ገደማ። በሴሎቹ መካከል የ0.050 ልዩነት ካለ ቻርጀር መምረጡ ይቆይ።

ኮፈን_ክፍት
በሌላ ቻርጀር ሞልቼ፣ አንድ ሌሊት አሳርፌ ለካሁ። 1.260፣ 1.260፣ 1.265፣ 1.180፣ 1.260፣ 1.260። ቴስተሩ ግን 12.5 ከምናምን ይላል፣ ደህና ይመስላል።

ሃይድሮሜትር
ቴስተሩ የሚሸውድህ እንዲህ ነው። የአንድ ሴል ቮልቴጅ በግምት የአሲዱ ቁጥር ሲደመር 0.845 ነው። አምስቱ ደህና ሴሎች 2.1 ገደማ፣ ደካማው 2.02፤ ድምሩ 12.55። አንዱ ሴል ከግማሽ በታች ሆኖ ሳለ ጠቅላላው ሦስት አራተኛ ከሞላ ባትሪ በላይ ያነባል።

አንድ ዕድል ስጠው። ባትሪውን ከመኪናው አውጣ፣ አየር ያለው ቦታ አስቀምጥ፣ በ2 ወይም 3 አምፔር እስከ 15.5 ቮልት ድረስ ግፋው፣ በየሰዓቱ አራተኛውን ሴል ለካ። እዚህ ላይ የጋሽ ብረት ትራንስፎርመርም ይሠራል፣ አምፔሩ ከወረደለት። አካሉ ከ50 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ። ቁጥሩ ከፍ እያለ ከሆነ ቀጥል፤ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ካልተንቀሳቀሰ አቁም። ከሌሎቹ በ0.030 ውስጥ ከገባ ሳምንት አስቀምጠህ መልሰህ ለካ። በሳምንቱ ብቻውን ከወረደ ውስጡ እየተጋጨ (ሾርት እያደረገ) ነው፣ ባትሪው ይቀየር።

በዚህ ባትሪ ላይ ፍሎት አስረህ እንዳትሄድ። ሴሉ ጨርሶ ሲጋጭ ቻርጀሩ 13.5 ቮልቱን ለአምስት ሴል ያካፍላል፦ 2.7 ለያንዳንዱ። ይህ ፍሎት አይደለም፤ 12 ቮልት ባትሪን በ16.2 እንደመግፋት ነው። ቻርጀሩ ሴል አይቆጥርም። ብዙዎቹ ሙሌቱ በተወሰነ ሰዓት ካላለቀ ስሕተት አሳይተው ያቆማሉ፤ ፍሎት ከገባ በኋላ ለሚመጣ ብልሽት ግን ሁሉም እንዲህ አያደርጉም።

ኮፈን_ክፍት
እሞክረዋለሁ። ከተቀየረ በኋላ አዲሱን አስሬ ስሄድ ደህና መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ስድስት_ሴል
ቻርጀሩ በአንድ ቀን ውስጥ ፍሎት ካልገባ አትሂድ። ከገባ፣ እንደታሰረ ተርሚናሉ ላይ ለካ፣ ከ13.2 እስከ 13.6 መሆን አለበት። ከዚያ ከግድግዳው ነቅለህ አሥራ ሁለት ሰዓት ቆይተህ እንደገና ለካ፤ 12.6 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ መልሰህ ሰክተህ ሂድ። በወሩ አንድ ሰው ቤቱን ከፍቶ ባትሪውን በመዳፉ ይንካልህ፤ ከአካባቢው አየር ሞቆ ካገኘው ይንቀለው።